ማስጠንቀቂያውን እንዴት እንደምጽፈው

ሌላ ሰው የፈጠራቸውን ገጸ ባሕርያት ተውሼ ታሪክ መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። ፋንፊክሽን የሚሉት ነው፤ የአድናቂ ልብወለድ። የምጽፈው ደግሞ ቀለል ያለ ነገር አይደለም። ሐዘን፣ ሱስ፣ ቤት ውስጥ የሚወርድ ዱላ፣ ራስን ማጥፋት። እነዚህ ናቸው ደጋግመው የሚመጡብኝ። ስለዚህ ታሪኩ አናት ላይ ማስጠንቀቂያ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ክርክር ለእኔ የወሬ ማሟሻ አይደለም። ታሪክ በለጠፍኩ ቁጥር መወሰን አለብኝ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መኖር አለበት። ምክንያቴ ግን ብዙዎች ከሚሰጡት ይለያል።

ብዙዎች ማስጠንቀቂያ አንባቢን ከስሜት ጉዳት ይጠብቃል ይላሉ። በ2023 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ የመዘነ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ እሱ ይህን አይደግፍም። ማስጠንቀቂያ ያነበቡትም ያላነበቡትም ከባዱን ነገር ሲያዩ የተሰማቸው ያው ነው። እንዲያውም ያነበቡት ገና ሳያዩት ይጨነቃሉ። «ይቅርብኝ» ብሎ የመተው ነገርም አልጨመረም። የማስጠንቀቂያ ተቃዋሚዎች ይህን ሲያገኙ ደስ አላቸው፤ አይፈረድባቸውም።

እኔ ግን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ሰው ለማከም አይደለም። ጥናት ላይ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀረበለትን ነው የሚያየው። የፋንፊክሽን አንባቢ ደግሞ የታሪክ ክምር ውስጥ ገብቶ፣ ይሄን አምጣ፣ ያንን አስወግድ እያለ አጣርቶ ነው የሚመርጠው። አስወግድ ያለውን ታሪክ ጭራሽ አያየውም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ማሸጊያው ላይ «ኦቾሎኒ አለው» የሚለውን አንብቦ መልሶ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ጽሑፉ አለርጂውን አይፈውስለትም፤ እንዲፈውስለትም የጠበቀ የለም።

ሌላም ነገር አለ። የታተመ ልብወለድ ሽፋን አለው፣ ጀርባው ላይ መግለጫ አለው፣ አሳታሚ አለው፣ ስለ እሱ የሚወራ ወሬ አለ። ፋንፊክሽን ይህ ሁሉ የለውም። በዚያ ላይ አንባቢው የሚመጣው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ፈልጎ ነው። ዘና ብሎ ነው የሚገባው። እኔ ደግሞ ያንን ሰው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እገድለዋለሁ። ቢያንስ ልንገረው እንጂ!

አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባለው ትልቁ የፋንፊክሽን ማኅደር ነገሩን የያዘበት መንገድ ይመቸኛል። ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በ2019 ለሳይንስ ልብወለድና ለምናባዊ ድርሰት የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማትም አግኝቷል። እዚያ ታሪክ ስትለጥፍ የማስጠንቀቂያውን ቦታ ባዶ መተው አይቻልም። አራት ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ በዝርዝር የተገለጸ ጥቃት፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዕድሜው ያልደረሰን ልጅ የሚመለከት ወሲባዊ ይዘት። ከእነዚህ የሚመለከትህን ትመርጣለህ፤ አለዚያም «አንዱም የለም» ትላለህ። ሌላ አማራጭም አለ፤ «ደራሲው ማስጠንቀቅ አልፈለገም»። ይህቺ የመጨረሻዋ ብልህ ናት። ምሥጢሬን አላወጣም፣ ግን ደግሞ አልዋሽህም፤ ደፍረህ ከገባህ በራስህ ነው እንደ ማለት ናት። የቀረው ሁሉ፣ ሱሱም፣ ፅንስ መጨንገፉም፣ ነፃ ታግ በሚባለው የመለያ ቃላት ቦታ ላይ በራስህ ቃል ይገባል።

ማስጠንቀቂያን ከሳንሱር ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ፋንፊክሽን ዶት ኔት የሚባለው ሌላ ድረ ገጽ በ2002 ለአዋቂዎች ብቻ የሆኑ ታሪኮችን ከለከለ። ሳንሱር ያ ነው። ጨለማውን ታሪክ ምልክት አድርጎበት እንዲቀመጥ የሚፈቅደው አሠራር እኮ የመጻፍ ነፃነቴን ነው የጠበቀልኝ።

አሁን ወደ አሠራሬ። ማስጠንቀቂያውን ታሪኩ ሳያልቅ አልጽፈውም። ሳልጨርስ ከጻፍኩት ያሰብኩትን ታሪክ ነው የሚገልጸው፤ የወጣውን አይደለም። ስጨርስ ከመለጠፌ በፊት ለምታነብልኝ ጓደኛዬ እልክላታለሁ። «ከበደሽ ወይ?» ብዬ አልጠይቃትም፤ እሷን የሚከብዳት ነገር የለም። «የቱ ጋ ስትደርሺ ነው ቀድሞ በተነገረኝ ያልሽው?» እላታለሁ። የምትጠቁመኝ ቦታ ብዙ ጊዜ እኔ ከጠረጠርኩት ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ደም የፈሰሰበትን ትዕይንት ምንም ሳትል አልፋ፣ እናትየው ልጇን ለቀናት የምታኮርፍበት ላይ ምልክት አድርጋ መለሰችልኝ።

ቃሉ ላይ ጊዜ አጠፋለሁ። «ከባድ ይዘት አለው፣ ይጠንቀቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለመጻፍ አይሻልም። ከባዱ ለማን? የምን ከባድ? «ልጅ ይሞታል። ሞቱ በቀጥታ አይታይም፤ ቀብሩ ግን በዝርዝር አለ» ስል ግን አንባቢው የሚወስንበት ነገር ያገኛል። ይታያል ወይስ በወሬ ብቻ ይነሳል የሚለውን መለየት ትልቅ ነገር ነው። ሐዘኑ ገና ያልበረደለት ሰው ሞት የሚለውን ቃል መስማት ይችላል፤ ቀብሩ ላይ መቆም ግን ላይችል ይችላል።

ምሥጢር የሚሻ ታሪክ ሲሆን በሁለት ደረጃ እከፍለዋለሁ። አናት ላይ አጭሩን፣ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን። አናት ላይ «ምዕራፍ 7 ላይ ራስን የመጉዳት ትዕይንት አለ፤ ዝርዝሩ ከታች ነው» እላለሁ። ከታች ደግሞ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሆን፣ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር እስከ የትኛው መዝለል እንደሚቻል፣ በተዘለለው ውስጥ ለታሪኩ የሚያስፈልገውንም በሁለት መስመር አስቀምጣለሁ። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ሰው የሚረሳት ናት። የዘለለ ሰው ቀጣዩን ምዕራፍ ካልተረዳው ዝለል ማለታችን ትርጉም የለውም።

ታሪኬን ያበላሽብኛል የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ሞቱን ቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ ከማያውቀው የተለየ ታሪክ ነው የሚያነበው። ግን በማስጠንቀቂያው ምክንያት የሚመጡ አንባቢዎችም እንዳሉ ማየቴ ስጋቴን አቀለለው። የሚያስለቅስ ፈልገው፣ የሞት ታግ መርጠው ነው የሚመጡት። አንዱ ጎመን በጤና ብሎ የሚያልፍበት መስመር ሌላውን ይጠራዋል።

የማልጽፋቸውም አሉ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ «እንዲህ ያለ ነገር ስለጻፍኩ አትፍረዱብኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ስለ ደራሲው ነው የሚያወራው። «በዱላ የሚደረገውን አልደግፍም» እያልኩም አልምልም፤ አንባቢ ሕፃን አይደለም። ዝርዝሩንም አላረዝምም። የሚሰነጠቅ ብርጭቆ፣ የሚጮህ ውሻ፣ ዝናብ ሳይቀር ተዘርዝሮ አይቻለሁ። አንባቢ ሃያውን ዘሎ ሲያልፍ አስፈላጊውን አንዱንም አብሮ ይዘለዋል። ሁሉን ሰው የሚነካውን ሁሉ አውቄ አልጨርስም፤ አልሞክርምም።

አሁን የያዝኩት ታሪክ ሙሉ በሙሉ የቆመው አንድ ሰው በሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ነው። እንዴትም ባለዝበው ማስጠንቀቂያው መልሱን ያወጣዋል። ስለዚህ ያቺን «አልፈለገም» የምትለዋን መረጥኩ፤ ከሥሯም «ማወቅ የሚፈልግ በግል ይጠይቀኝ፣ እነግራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ጥቂት ሰዎች ጠይቀውኛል። አንዷ መልሱን ከነገርኳት በኋላ ለማንበብ ወሰነች፤ ሌላው አመስግኖኝ ሌላ ታሪክ ሊፈልግ ሄደ።