ጓንዡ ላይ ስታርፉ መካከለኛውን ሆቴል ያዙ

ቻይና ሄጄ ጓንዡ ከተማ ደርሼ መምጣቴን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዕቃ ነው፣ ጫማ የቱ ገበያ ይሻላል፣ ቦርሳ የት ይረክሳል ምናምን፣ የት አደርሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ማውራት የምፈልገው ስለሱ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ከተማ ቀኑን ሙሉ ገበያ ለገበያ ስትዞሩ ውላችሁ ማታ እንቅልፍ ካላገኛችሁ በማግስቱ ዋጋ ለመከራከርም ዕቃ ለማየትም አቅም አይኖራችሁም፣ በድካም የተገዛ ዕቃ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንደሚያናድድ ነጋዴ ያውቀዋል።

ታላቅ እህቴ መርካቶ ሱቅ አላት። ጓንዡ መመላለስ የጀመረችው እኔ ገና ተማሪ እያለሁ ነው እና ሁሌም የምታርፈው ሻኦቤይ አካባቢ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ክፍል ተጋርታ ነበር። ሻኦቤይን ለማታውቁት፣ ዩዌሹ የሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ የአፍሪካ ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር ነው፣ ካርጎ ቤቱ፣ ምንዛሪው፣ ቋንቋ የሚያስተረጉመው ልጅ፣ ሁሉም እዛው አካባቢ ይገኛል። ሰፈሩ በጣም ይጠቅማል፣ ሰው ታገኛላችሁ፣ ወሬ ትሰማላችሁ፣ የቱ ፋብሪካ ጥሩ እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። መኝታው ግን ሌላ ነገር ነው፣ በአንድ ክፍል ሶስት አራት ሰው፣ ሻንጣ ላይ ሻንጣ፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አምስት ሰዓት የሰዓት ልዩነት ስላለ አዲስ አበባ ገና ማታ ሲሆን እዛ ሌሊት ነው እና ከቤት የሚደወለው ሁሉ እንቅልፍ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው።

በዚህኛው ጉዞ አብሬያት ስሄድ መኝታውን እኔ እችላለሁ፣ ሆቴል ነው የምንገባው አልኳት። "አንቺ፣ ለመኝታ ብቻ ይሄን ሁሉ? በዚህ ብር እኮ ስንት ደርዘን ይገዛበታል" አለችኝ። ትክክሏን ነው፣ የነጋዴ ሂሳብ እንደዛ ነው፣ በተለይ ዶላር እንደዚህ በተወደደበት ጊዜ እያንዳንዷ ዩዋን ትቆጠራለች። እኔ ግን ሂሳቡ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ ብዬ ነው የማምነው።

ቻይና ውስጥ ሆቴል ደረጃ ደረጃ አለው። ከታች ርካሾቹ አሉ፣ በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ ነው) የተጀመረው ሃንቲንግ አይነቱ፣ ንጹህ ነው ግን ጠባብ ነው። ከላይ ደግሞ የፈረንጅ ስም ያላቸው ባለ አምስት ኮከቦች አሉ። መሃል ላይ ያሉት ናቸው የኔ ጉዳይ፣ የሃንቲንግ ባለቤት የሆነው ሁዋዡ የሚባለው ድርጅት በ2010 የጀመረው ጂ ሆቴል፣ በ2013 ሺአን ከተማ ላይ የመጀመሪያውን የከፈተው አቱር (እነሱ ያዱዎ ይሉታል)፣ ኦሬንጅ፣ ቪየና፣ እንደነዚህ ያሉት። ካንቶን ፌር የሚባለው ትልቁ የንግድ ትርኢት በሌለበት ጊዜ ጓንዡ ላይ ብዙዎቹ በአዳር ከ300 እስከ 500 ዩዋን አካባቢ ታገኟቸዋላችሁ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ከያዛችሁ ደግሞ ለሁለት ይካፈላል።

እነዚህ ሆቴሎች በዋናነት የተሰሩት ለቱሪስት አይደለም። የተሰሩት ለቻይና የራሷ የስራ ሰው ነው፣ ከዉሃን በፈጣን ባቡር መጥቶ ሁለት ቀን ደንበኛ አነጋግሮ ለሚመለሰው የሽያጭ ሰራተኛ፣ ማታ አምሽቶ ለሚገባው፣ ሸሚዙን ለነገ ማጠብ ለሚፈልገው፣ ራት ሳይበላ ላመሸው። እኛም እኮ ያው ነን! ትልቁ ሆቴል ውስጥ አንድ ሸሚዝ ለማሳጠብ የምትከፍሉት ገንዘብ ያስደነግጣል፣ እዚህ ግን አንድ ክፍል አለ፣ ማጠቢያ ማሽን እና ማድረቂያ ተደርድሮ፣ እኛ ባረፍንበት ነጻ ነበር፣ ሳሙናውን እንኳን ማሽኑ ራሱ ነው የሚጨምረው።

ማድረቂያው ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሄድነው በመጋቢት ነበር፣ ጓንዡ በዛ ወቅት ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፣ ወለሉ ያልባል፣ መስታወቱ ያልባል፣ ደረጃው ያንሸራትታል፣ የሰቀላችሁት ልብስ ለቀናት ሳይደርቅ ቆይቶ ይሸታል። እህቴ በፊት ሻኦቤይ ስታርፍ በዚህ ወቅት ካልሲዋን በፀጉር ማድረቂያ ነበር የምታደርቀው። አሁን ማታ ስንገባ ልብሱን ማሽን ውስጥ ከተን ሻወር ወስደን ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ ሞቆ ደርቆ ይጠብቀናል። ሰራተኞቹም መስኮቱን ዘግታችሁ ኤሲውን እርጥበት ማውጫው ላይ አድርጉት ብለው ነገሩን፣ እውነትም አንሶላው ሳይረጥብ አደርን።

ሪሴፕሽን ላይ ስለሚሆነው ነገር ትንሽ ማለት አለብኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ቻይና ውስጥ የውጭ ዜጋ ባረፈ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋር መመዝገብ አለበት፣ ከ2013 ጀምሮ በስራ ላይ ያለው የመግቢያና መውጫ ህግ ነው። ሆቴል ከገባችሁ ፓስፖርታችሁን ስካን አድርገው እነሱ ይመዘግቡላችኋል፣ አለቀ። ሰው ቤት ካረፋችሁ ግን እናንተ ወይ ያሳረፋችሁ ሰው ራሳችሁ ፖሊስ ጋር ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ይሄን ሳያደርጉ ቀርተው የተቀጡ አሉ። ድሮ አንዳንድ ሆቴሎች የውጭ ሰው አንቀበልም፣ ፈቃድ የለንም ይሉ ነበር፣ በ2024 መንግስታቸው እንዲህ ብሎ መመለስ እንደማይቻል በግልጽ አሳወቀ። እና ደግሞ ያኛውን ነገር መርሳት አልችልም፣ በሚያዝያ 2020 በኮሮና ሰበብ እዚሁ ጓንዡ ውስጥ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤት ተባረው ሆቴል አናስገባም ተብለው መንገድ ላይ አድረዋል፣ ቤጂንግ ያሉት የአፍሪካ አምባሳደሮች እስከ መጻፍ ደርሰዋል። እህቴ የምታውቃቸው ሰዎች ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ጋ ቆማ ፓስፖርቷን ስትሰጥ እጇ እንዴት ጠበቅ እንዳለ አይቻለሁ፣ የሪሴፕሽኗ ልጅ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ በስልኳ የትርጉም አፕ እያወራችን፣ ሙቅ ፎጣና ሻይ ሰጥታን ቁልፉን ስታቀብለን እህቴ ምንም አላለችም፣ ሊፍት ውስጥ ግን "ሰው እንደ ሰው ሲቀበልሽ ደስ ይላል" አለችኝ። ለኔ የከፈልኩት ገንዘብ ግማሹ እዛ ጋ ተመለሰ።

ክፍሉ ሰፊ አይደለም፣ ግን የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። የውሃ ማፍያ፣ የሻይ ቅጠል፣ ነጠላ ጫማ፣ በየቀኑ የሚተካ የታሸገ ውሃ (የቧንቧውን እንዳትጠጡ፣ እነሱም አፍልተው ነው የሚጠጡት)፣ አልጋው አጠገብ ስልክ መሙያ። ፍራሻቸው ከኛ ጠንከር ይላል፣ ለወገብ ግን ጥሩ ነው። ትራስ ላይ በጣም ይጨነቃሉ፣ አቱር እንደውም የራሱን ትራስ ለእንግዳ እስከ መሸጥ ደርሷል፣ ተኝታችሁበት ከወደዳችሁት በስልክ ስካን አድርጋችሁ ታዛላችሁ። ብዙ ህንጻ ላይ አራተኛ ፎቅ ስታጡ ግራ አትጋቡ፣ የቁጥሩ አጠራር ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል ይዘሉታል።

አሁን ወደ ቁርሱ ልምጣ፣ በጣም ያስደሰተኝ እሱ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እህቴ ጠበቅ አድርጋ ነው የምትጾመው፣ ቢያንስ እስከ 6 ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ የሆቴሉ ቁርስ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። የከፈልንበት ቁርስ ሊቀር ነው ብዬ ተናድጄ ነበር፣ ለሷ ደግሞ ከዛ የሚብሰው ገበያ ውስጥ 6 ሰዓት ሲሆን የጾም ነገር መፈለጉ ነው፣ ሁሉም ነገር ውስጥ የአሳማ ስብ ወይ ሽሪምፕ ይገባል፣ አትክልት ብቻ ነው ብለው የሚሰጡሽ ውስጥ እንኳን ስጋ ተከትፎ ታገኛለሽ። ከዛ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ቁርስ ሰዓት የማይደርስ እንግዳ ካለ አሽገን እንሰጣለን አለችን፣ በማለዳ ባቡር ለሚይዙት የሚያደርጉት ነው። በትርጉም አፑ አስረዳናት፣ ስጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ለሃይማኖት ነው። በጣም ገባት፣ ቡድሂስቶቹ ስለሚጾሙ እንደዚህ አይነት ነገር ለነሱ እንግዳ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ስንወርድ ቦርሳ ተዘጋጅቶ ጠበቀን፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ማንቶ የሚባለው በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የአኩሪ አተር ወተት። እህቴ ማንቶውን እያገላበጠች አይታ ዱቄትና እርሾ ብቻ መሆኑን ደጋግማ አስጠየቀችኝ፣ ልጅቷ ወጥ ቤት ሄዳ አረጋግጣ መጣች። 6 ሰዓት ሲሆን ጨርቅ ገበያው ውስጥ፣ ዦንግዳ፣ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጣ በላች። ከዛን ቀን በኋላ ሳንጠይቅ በየጠዋቱ ይዘጋጅ ነበር።

እኔ ቁርሱን እዛው ነው የምበላው። ለጾመኛ የሚሆነው ብዙ ነው፣ ነጭ የሩዝ ገንፎ ከጎኑ ኮምጣጣ አትክልት ጋር፣ ዩቲያኦ የሚሉት ረጅም የተጠበሰ ሊጥ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን፣ ኑድል በፈለጋችሁት አትክልት እፊታችሁ ይቀቀላል። ገንፎው ሁለት አይነት ስለሚሆን እዩት፣ አንዱ ውስጥ ስጋና ጠቆር ያለ እንቁላል አለ። በርበሬም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ የጓንዡ ምግብ አልጫ ነው፣ የሚያቃጥለው የሲቿን እንጂ የነሱ አይደለም። ቡና ግን ደካማ ነው፣ እህቴ ቆልታ ፈጭታ የያዘችውን በውሃ ማፍያው አፍልተን ነበር የምንጠጣው።

ማታ አምሽታችሁ ከገባችሁና ከደከማችሁ ምግብ በስልክ ታዛላችሁ፣ አምጪው ሎቢ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ ወገብ የሚደርስ ሮቦት ራሱ ሊፍት ጠርቶ ክፍላችሁ በር ድረስ ይመጣና በክፍሉ ስልክ ይደውላል። ከፍታችሁ ዕቃውን ስታወጡ ይዘጋና ይሄዳል። አቱር ላይ ደግሞ ማታ ማታ ነጻ ትኩስ ገንፎ ያቀርባሉ፣ አምሽቶ ለሚገባ ሰው እንዴት ያለ ሃሳብ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የምትጨርሱት ነገር አለ። አሊፔይ ወይ ዊቻት በሚባሉት የቻይና መክፈያ አፖች ላይ የቪዛ ወይ ማስተርካርድ ካርዳችሁን አስገቡ፣ ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ኮሚሽን አይቆርጡም፣ ከዛ በላይ ለሆነው 3 ፐርሰንት አለ። የሆቴሉ ዋይፋይ ፈጣን ነው ግን ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ጉግል በሱ አይከፍትም፣ በውጭ ሲም ሮሚንግ ስትጠቀሙ ግን ይሰራል፣ ስለዚህ ቤተሰብ እንዳይጨነቅ የውጭ ኢሲም (ስልክ ውስጥ የሚጫን፣ ካርድ የሌለው ሲም) ይዛችሁ ሂዱ። ሪሴፕሽን ላይ ተያዥ ገንዘብ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ ሲወጡ ይመለሳል፣ ደረሰኙን አትጣሉ።

ክፍል ስትይዙ መስኮት እንዳለው አንብቡ! በቡኪንግ አፑ ላይ ዋጋው ቀነስ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ መስኮት የለውም ወይ መስኮቱ ወደ ኮሪደር ነው፣ በመጋቢት እርጥበት ደግሞ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ መታፈን ነው። ሲጋራ የማይጨስበት ፎቅ ብላችሁ ጠይቁ። ሜትሮ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ይሁን፣ ሻኦቤይ መሃል መሆኑ ግዴታ አይደለም፣ ሜትሮው ከ2 ዩዋን ነው የሚጀምረው እና ሰው ለማግኘት ሲያሰኛችሁ ሻኦቤይ ራሱ ጣቢያ አለው።

የመጨረሻው ቀን ላይ ክፍሉን 6 ሰዓት ለቀን ሻንጣዎቹን እዛው አስቀመጡልን፣ ያለ ክፍያ፣ በረራችን እኩለ ሌሊት ስለነበር ዩዌሹ ፓርክ ሄደን የአምስቱን ፍየሎች ሃውልት አይተን፣ ቀሪ ሳምፕል ሰብስበን፣ ተመልሰን ሎቢው ውስጥ ሻይ እየጠጣን ኪሎ አስተካክለን አሸግን። ሚዛን ነበራቸው። እህቴ እዛው ቁጭ ብላ የጥቅምትን የክፍል ዋጋ እንድመለከትላት ጠየቀችኝ፣ ካንቶን ፌር በጥቅምት 15 በፈረንጅ ይጀምርና እስከ ህዳር መጀመሪያ ይቆያል፣ በጸደይ ደግሞ ከሚያዝያ 15 ጀምሮ፣ በነዛ ሳምንታት ያው ክፍል በጣም ነው የሚወደደው እና ፌሩ የሚካሄድበት ፓዡ አካባቢ ያለው ቀድሞ ያልቃል። ፌሩ ውስጥ ስራ ከሌላችሁ ከፌሩ በፊት ወይ በኋላ ሂዱ፣ እኛ ህዳር አጋማሽ ላይ ያለውን ነው የያዝነው።