ሻምበሉ ሰው ነው ወይስ ጦር?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ሠራዊት አባልን የአገልግሎት ሕይወት ጽፌ ለልጆቻቸው አስረክቤያለሁ። በምሥራቅ ከሶማሊያ ጦር ጋር፣ ኋላም ኤርትራ ውስጥ በሰሜን ግንባር የተዋጉ፣ ከአሥር አለቃነት ያላለፉ ሰው ናቸው። የአባቱን ወይም የአጎቱን ሊጽፍ ለሚያስብ፣ የሠራልኝንና ያልሠራልኝን ልንገር።

ያልሠራው አጀማመሬ ነው። «ጋሼ፣ ካራማራ እንዴት ነበር?» ብዬ ጀመርኩ። የመጣልኝ መልስ በየዓመቱ የካቲት 26 በሬዲዮ የሚነገረው ነው። ተራ ወታደር በዓይኑ ያየው ከምሽጉ ፊት ያለውን ኮረብታ ነው፤ የቀረውን የሰማው ኋላ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ከጊዜ ብዛት ይደባለቃሉ። በሚቀጥለው ቀን ስለ ኮቾሮ፣ ስለ ወታደሩ ደረቅ ብስኩት፣ ጠየቅኩ። ኮቾሮ ደረቅ ነው፣ ያለ ውሃ አይወርድም። ስለዚህ ወሬው ወደ ኮዳው፣ ከኮዳው ውሃው ወደተቀዳበት ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ወደ ቦታው ስም ሄደ። ጫማና ደብዳቤም እንዲሁ ናቸው። ውጊያውን መጨረሻ ላይ አቆዩት።

ከባዱ ሥራ ዘመኑን ማስተካከል ነው። ዓመተ ምሕረት የሚያስታውስ ወታደር ጥቂት ነው፤ ወሎዬ ግን ጾሙን አይረሳም። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ጥሩ መለኪያ ይሆናል። በ1969 የገባው ነሐሴ 10 አካባቢ ነበር፣ በ1980 ግን ሚያዝያ 10 አካባቢ። ስለዚህ «ጾም ይዘን፣ ክረምት ነበር» ካሉ ምሥራቅ ሳይሆኑ አይቀሩም። የድሬዳዋ ውጊያ ጾሙ በገባ ሰሞን ነው፤ ጅጅጋ የተያዘችው ደግሞ ኢድ ጥቂት ቀን ሲቀረው። በሰሜን ግንባር፣ ኤርትራ ውስጥ ያለችው አፋቤት የወደቀችው መጋቢት 1980፣ ከጾሙ በፊት ነው። ክርስቲያን ጓዶቻቸውን ስትጠይቁ በፋሲካ ይቆጥሩላችኋል፤ የ1980 ፋሲካ ሚያዝያ 2 ስለዋለ ሁለቱን ማጋጠም ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ነገር ላይ ዝም ብሎ 8 መቀነስ ያሳስታል፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገቡ የሚቀነሰው 7 ነው። ድሬዳዋና ጅጅጋ አንድ ወር እንኳ አይራራቁም፣ በፈረንጅ ሁለቱም 1977 ናቸው። በእኛ ግን ድሬዳዋ ነሐሴ 1969፣ ጅጅጋ መስከረም 1970 ይሆናል። በመጀመሪያው ረቂቄ ጅጅጋን ድፍን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ወስጃት ነበር።

በጠመንጃው ዓይነት ዘመኑን ለመለየትም ሞክሬ ተውኩት። የአሜሪካና የሶቪየት ትጥቅ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ስለነበር «ያኔ ክላሽ ይዤ ነበር» ማለት ብዙም አይረዳም።

ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ ደግሞ ሻምበል ያስቸግራችኋል። ማዕረግም የጦር ክፍልም ነው፤ ሻለቃም እንደዚሁ። «ሻምበላችን እዚያ ቀረ» ሲሉ የሞተው አንድ መኮንን ነው ወይስ ከመቶ በላይ ሰው? ግሱ አንዳንዴ ይለየዋል፦ «አለቀ» ካሉ ብዙውን ጊዜ ጦሩ ነው፣ «ተሰዋ» ካሉ ሰውየው። «ቀረ» ግን ለሁለቱም ይሆናል። እዚያው ቆም አድርጎ «ሰውየው ነው ጦሩ?» ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቅ ትዝታው ሌላ ቦታ ሄዶ ይገኛል። የእሳቸውንም መስመር ከታች ወደ ላይ፣ ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር ብዬ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ሲዘዋወሩ አዲስ ዓምድ እጨምር ነበር። መቶ ላይ ያለው የአለቃ ስም ሲቀየር፣ ወይ እሳቸው ተዛውረዋል ወይ አለቃው ተመትቷል።

ቀረጻው ቀላል ነው። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጎ በታጠፈ ጋቢ ላይ ማስቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው ኳኳታ ይገባል። ቡና ከመወቀጡ በፊት ወይም ከአቦል በኋላ ይጀመር። ከ45 ደቂቃ አይለፍ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ አምስት ሰዓት ያህል ወስዶብኛል።

መታወቂያና ፎቶ በር አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ጀርባውም ጭምር ይነሳ። የፎቶ ቤት ማኅተምና በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ብዙ ጊዜ ያለው ከጀርባ ነው። ማኅተሙ ከደበዘዘ ወረቀቱን ዘንበል አድርጎ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ በላስቲክ የታሸገ ከሆነ አትላጡት፣ ቀለሙ አብሮ ይነሳል።

ረቂቁን በትልቅ ፊደል አትሜ በሁለት ጠዋት አነበብኩላቸው። ከውጊያዎቹ ያረሙት ጥቂት ነው። የሰው ስም ግን አሥራ አንድ ቦታ ላይ አስተካክለዋል፣ አንድ «ማረክን» ያልኩትንም «ወድቆ አገኘን» አስብለውኛል። ኮፒው ላይ በስተቀኝ አራት ጣት ያህል ባዶ ተዉ፤ ጓደኞቻቸው ሲያነቡት መከራከራቸው አይቀርም፣ የሚጽፉበት ቦታ ይፈልጋሉ።