ወጨጫ ላይ አስታ ሲያብብ

አስታ የሚባለውን ዛፍ የማውቀው በማገዶነቱ ነው። ልጅ ሳለሁ ከሰል የሚገዙ እናቶች «የአስታ ከሆነ አምጣው» ሲሉ እሰማ ነበር። አበባውን ግን አይቼው አላውቅም። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከጀሞ በሚኒባስ ሰበታ ደረስኩና ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዝኩ።

ደኑ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ጥዱና ዝግባው ስር ሲገቡ ቀትር ላይ እንኳ ይበርዳል። መንገዱን ያሳዩኝ የአካባቢው አዛውንት በከዘራ እየተመረኮዙ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ እኔ እያለከለክሁ እከተላለሁ። ደኑ ያለበት የወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። ኮሶው እየሳሳ ሲሄድ አዛውንቱ ቆሙ።

«ይኸው ልጄ፣ ያንተ አስታ። እኛ ሳቶ ነው የምንለው።»

ዳገቱ ነጭ ሆኗል፤ ከሩቅ ጉም የተኛበት ይመስላል። አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ነው። አበባዋ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ወደ ታች የተደፋች ደወል ናት፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ስንት መቶ እንዳለች መቁጠር አይቻልም። ቅርንጫፉን ስነካው ብናኙ እንደ ጭስ ተነስቶ እጅጌዬ ላይ ተነሰነሰ። ንቦቹ ስራቸውን አላቋረጡም።

ይኸው ዛፍ በሜዲትራኒያን ዳርቻም ይበቅላል፤ እዚያ አፈር ውስጥ ያበጠውን የሥሩን ጉብታ ፈልፍለው ፒፓ ይሠሩበታል። ለእኔ ግን የጉብታው ትልቅነት ሌላ ነው። ግንዱ ቢቃጠል ወይም ቢቆረጥ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከእሱ ነው።

ስንመለስ መንገድ ዳር በመጥረቢያ የተቆረጠ አስታ አገኘን። አንጀቴ ተላወሰ። ተንበርክኬ ጉቶውን ዳበስኩት፤ ዙሪያውን 14 ቡቃያ አውጥቷል። የሦስቱን ጫፍ ከብት ነጭቶታል። አዛውንቱ ምንም አላሉም። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ወደ ጥሻው ገቡና የደረቀ የቀጋ ቅርንጫፍ እየጎተቱ መጡ፤ ከነእሾሁ ጉቶው ላይ ደፉበት።