ቤንዚን አልቀበል ያለ አሮጌ ኮሮላ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ

የድሬዳዋ መንገድ ለአሮጌ መኪና ጥሩ ፈተና ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የአዲስ አበባ ብርድ ተነስቶ አዋሽ ላይ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። ከዚያ በአሰበ ተፈሪና በቁልቢ በኩል እንደገና ከ2,000 በላይ ወጥቶ ድሬዳዋ ላይ ወደ 1,200 ይመለሳል። የነዳጅ ሰልባትዮ (ታንክ) የሚተነፍስበት መንገድ ላይ እንከን ካለ በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ተደብቆ አይቀርም። የምነዳት ኮሮላ ዲኤክስ እንከኗን ገና አዳማ ላይ አሳየች።

ማደያው ላይ መቅጃው ሁለት ሊትር እንኳ ሳይቀዳ «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል። ቀጂው እጀታውን ደጋግሞ ቢጫንም ያው ነው። «ሞልቷል ጋሼ» አለኝ፤ ጌጁ ግን ከግማሽ በታች ነበር። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሰው ይቸኩላል። ብዙ ሾፌር እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል፣ ወይም መኪናውን እየወዘወዘ በግድ ያስቀዳል። ሁለቱንም አልመክርም።

መቅጃው የሚዘጋው ሰልባትዮው ስለሞላ አይደለም። ጫፉ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚን ሲወርድ በእሷ በኩል አየር ይሳባል። ቤንዚን ቀዳዳዋን ሲሸፍናት አየሩ ይቋረጥና ውስጥ ያለች ስስ ጎማ ተስባ መያዣውን ትፈታዋለች። ስለዚህ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ የሚነግረን ቤንዚኑ መቅጃው አፍ ድረስ መድረሱን ብቻ ነው። ባዶ በሆነ ሰልባትዮ ላይ ይህ የሚሆነው አየሩ መውጫ ሲያጣ ነው። በደቂቃ 35 ሊትር የሚቀዳ ከሆነ በዚያው ደቂቃ 35 ሊትር አየር መውጣት አለበት፤ መውጫ ካጣ ቤንዚኑን ወደ ላይ መልሶ ይገፋዋል።

ማደያው ላይ የሚደረገው ሙከራ አጭር ነው። መጀመሪያ እጀታውን በስሱ ብቻ አስይዞ በዝግታ ማስቀዳት ነው። በዝግታ ሲቀዳ የማይዘጋ ከሆነ መተንፈሻው በከፊል ተዘግቷል ማለት ነው። በዝግታም ከዘጋ መቅጃውን ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ስቦ በግማሽ ዙር ማዞር ይጠቅማል፤ አንዳንድ አንገት ጠመዝማዛ ስለሆነ ቤንዚኑ ግድግዳውን መትቶ ቀዳዳዋን ይረጫታል። ሌላ መቅጃ ላይም መሞከር ያስፈልጋል፤ የመቅጃው ራሱ ብልሽትም ያጋጥማል። የእኔዋ በዝግታ ተቀበለች። እስከ አዋሽ የሚበቃ ቀድቼ ቀጠልኩ።

የመተሐራን ስኳር ፋብሪካ ሲያልፉ የእነዚህ መኪኖች የነዳጅ ጎማ ቱቦ አንዱ ጠላት ትዝ ይላል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ቤንዚን ላይ ከስኳር ተረፈ ምርት የተሠራ ኢታኖል፣ መጀመሪያ 5 ከመቶ፣ በኋላም 10 ከመቶ ይደባለቅ ነበር። ድብልቁ ሳይታሰብ በፊት የተሠራ የጎማ ቱቦ በኢታኖል ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ከውጭ ደህና የሚመስል ቱቦ ውስጡ ጠብቦ ይገኛል።

ዋናው ሥራ አዋሽ ላይ፣ ከማደያ ርቆ፣ ጥላ ሥር ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈቶ፣ ሲጋራም ሆነ እሳት በአካባቢው ሳይኖር። የነዳጁን አፍ ከሰልባትዮው የሚያገናኙት ሁለት ቱቦዎች ናቸው፦ ብዙውን ጊዜ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዋናው፣ ከጎኑ ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ቀጭኑ መተንፈሻ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በቀጭኑ ላይ ነው። ማሰሪያ ቀለበቱን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ቱቦውን በፒንሳ ሳይጎትቱ እያዞሩ ማውጣት ነው፤ ደረቅ ጎማ ሲጎተት የብረቱን ጫፍ ይዞ ይሰበራል። የወጣውን ቱቦ ብርሃን ላይ ይዞ ማየት፣ ከዚያ ነዳጁን በጨርቅ ጠርጎ መንፋት። የዲኤክሷ ቱቦ መታጠፊያው ላይ ክርታስ የታጠፈ ያህል ተጨፍልቆ ነበር፤ ትንፋሽ በጭንቅ ነው የሚያልፈው። ሌላ መኪና ላይ ጭቃ ሠሪ ተርብ የደፈነው ወይም ወደ ታች ረግቦ መሃሉ ላይ ቤንዚን ያቆረ ቱቦ ይገኛል። ሦስት ሩብ ድረስ ደህና ተቀብሎ ከዚያ የሚያስቸግር ከሆነ ያቆረውን መጠርጠር ነው።

ወደ ሰልባትዮው የኮምፕሬሰር አየር መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ያብጣል፣ ብየዳው ይለቃል።

ምትኩ ለነዳጅ የተሠራ ጎማ መሆን አለበት። የራዲያተር ወይም የውሃ ጎማ በልኩ ስለተገኘ ብቻ መግጠም ችግሩን መልሶ መጥራት ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል። ከመንገድ በፊት አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ አሮጌውን ናሙና ይዞ ሄዶ ከሚያስፈልገው አንድ መዳፍ ያህል የሚረዝም መግዛት ይሻላል፤ ትርፉ ሰፋ ያለ መታጠፊያ ለመስጠት ይረዳል። ቱቦው ከአፉ ወደ ሰልባትዮው መሃል ላይ ሳይረግብ ይውረድ።

ክዳኑም ይታያል። ሲከፈት «ሽሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ የክዳኑ አየር ማስገቢያ ተደፍኗል። ይህ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሲወረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ የውጭው አየር ግፊት በካሬ ሴንቲሜትር 140 ግራም ገደማ ይጨምራል። 40 በ50 ሴንቲሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ ወደ 280 ኪሎ ይሆናል፤ ሰልባትዮ ወደ ውስጥ የሚጎደጉደው እንዲህ ነው። ሞተር እየሄደ ጠፍቶ ክዳኑ ሲከፈት ከተነሳም ምክንያቱ ያው ነው። ከሰል ያለባት ጥቁር ጣሳ ሞተር ክፍል ውስጥ ያላቸው መኪኖች ደግሞ ጣሳዋ ቤንዚን ጠጥታ መዝጋት ትችላለች። ጥፋቱ ከመጀመሪያው «ጠቅ» በኋላ እየጨመሩ እስከ አፍ መሙላት ነው።

በጀሪካን የሚቀዳ ካለ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ መኪናው ውስጥ እንዳለ ከተቀዳ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መሬት አያገኝም። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠሩ አለመጨመር ነው፤ ጨርቁ ቆሻሻውን እንጂ ውሃውን እንደማይዝ እያወቁ።

ቱቦዋ የተቀየረላት ኮሮላ ከቁልቢ ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ክዳኗ ሲከፈት ድምፅ አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ በሙሉ ፍጥነት ያለ ማቋረጥ ተቀበለች። የመጀመሪያው «ጠቅ» ላይ አስቆምኩት፤ ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ አንድ ሺኛ ያህል ስለሚሰፋ፣ በጠዋት ብርድ የተቀዳ 40 ሊትር ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። የጎማ ቱቦው ከተቀየረ በኋላ አሥር ኪሎ ሜትር ነድቶ ቆሞ የኋላ እግር አካባቢ ማሽተትና ማሰሪያዎቹን አንድ ጊዜ ማጥበቅ ይቀራል፤ አዲስ ቱቦ ሲሞቅ ይላላል።