ናስትሮ የተጠቀለለበት ማሽን

አጥር የምትከረክሙ ልጆች ካላችሁ ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ ማሽናችሁን አንሱና የፊት እጀታውን እዩልኝ፣ ከልቤ ነው።

አትክልተኛ ሆኜ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ወሬ ነበር፣ ረጅም የፈረንጅ ጥድ አጥር እንድከረክም ተሰጠኝ። ማሽኑ ባለ ገመድ ነው፣ ያው ሁለት ስዊች አለው አንዱ ኋላ አንዱ ፊት እጀታው ላይ፣ ሁለቱም በአንዴ ካልተጫኑ ምላጩ አይነሳም። የኛው ግን የፊተኛው በናስትሮ ተጠፍንጎ ነው የደረሰኝ፣ ከኔ በፊት የነበረ ሰው በአንድ እጅ እንዲሠራለት ብሎ ያሰረው ነው፣ ከመቆየቱ ብዛት አቧራና የጥድ ሙጫ ይዞ ጠቁሮ የማሽኑ አካል ነበር የሚመስለው። እኔም ስለተመቸኝ ምንም አላልኩም፣ በግራ እጄ ቅጠሉን እየጠረግኩ ገመዱን እየገፋሁ ቶሎ ቶሎ እሄድ ነበር።

ከሰዓት ላይ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ገጠመኝ። ማሽኑ ቢበዛ 16 ሚሊ ሜትር ነው የሚቆርጠው፣ ይሄ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ይወፍራል፣ በመጋዝ ነበር መቁረጥ የነበረብኝ፣ እኔ ግን ገፋ ሳደርገው ጥርሱ መሃል ተቀረቀረና ማሽኑ እህህ ብሎ ቆመ። ጣቴን ከስዊቹ አነሳሁ፣ ሶኬቱን አልነቀልኩም፣ በግራ እጄ ቅርንጫፉን ይዤ መጎተት፣ ቀኝ እጄ አሁንም ኋላ እጀታው ላይ ነው። አልወጣ ሲለኝ ጥርሴን ነክሼ ሳብኩት፣ ግራዬ ሲጨብጥ ቀኜም ሳላስበው አብሮ ጨበጠ። ምላጩ ተነሳ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ከዛ የጓንቴ ሁለት ጣት ተቀዶ ነጭ ክሩ ወጥቶ አየሁ፣ ነጩ ቀስ እያለ ቀላ፣ ሕመሙ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። አለቃችን እየሮጡ መጥተው መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ቀጥሎ ጣቶቼን በጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይዘው እጄን ወደ ላይ አስነስተው ክሊኒክ ወሰዱኝ። 7 ቦታ ተሰፋሁ፣ አጥንቱና ጅማቱ ተርፏል፣ ተመስገን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ናስትሮው የለም፣ እሳቸው ሙጫውን ሳይቀር ፍቀው አንስተውታል። አስቀመጡኝና በግራ እጄ ዱላ አስያዙኝ፣ በቀኜ ደግሞ የራሳቸውን ጣት፣ "በግራህ ብቻ አጥብቀህ ያዝ" አሉኝ። አጠበቅኩ።

"ጣቴን ጨበጥከው እኮ" አሉ።

"ጋሼ ሳላውቀው ነው።"

"እሱን ነው የምልህ፣ እጅ ለብቻው አይጨብጥም፣ ወንድሙን ይጠራል። ሁለተኛውን ስዊች ያደረጉት ሁለቱም እጅህ እጀታ ላይ እንዲሆን ነው፣ ምላጩ ጋ የሚቀር እጅ እንዳይኖር።"

እኔ እኮ እስከዛ ቀን ድረስ ስዊቹ ሥራ ለማዘግየት የተቀመጠ ነበር የሚመስለኝ።

ያኔ ሌላም ብዙ ነገር አሳዩኝ፣ ገመዱ በትከሻ ላይ አልፎ ከኋላ እንዲሆን፣ ከታች ወደ ላይ እንድከረክም፣ አጥሩ ከሥሩ ሰፋ ከላይ ጠበብ እንዲል፣ አለበለዚያ የታችኛው ፀሐይ አያገኝም ይራቆታል። ማሽኑን የገፋሁበት ቦታ ደግሞ ቡናማ ቀዳዳ ሆኖ ነው የቀረው፣ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም።

አሁን ሲቀረቀርብኝ ገመዱ ከኤክስቴንሽኑ ጋ የሚገናኝበት ቅርብ ስለሆነ ነቅዬ ጫፉን ኪሴ እከተዋለሁ፣ ከዛ ነው ምላጩ ጋ እጄ የሚደርሰው፣ ቅርንጫፉንም በጣት ሳይሆን በፒንሳ ነው የማወጣው። አዲስ ልጅ ሲመጣም ማሽኑን ከማስያዜ በፊት ያንን የዱላ ነገር አሠራዋለሁ፣ እስካሁን ጣቴን ሳይጨብጥ የቀረ የለም።