ሰባት ወርቅ፣ ወለል ያልነካ እግር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከእኅቴ ልጅ ጋር በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሩሲያዊቷን የስቬትላና ሮማሺናን የቶኪዮ ኦሊምፒክ የኅብር ዋና (በሙዚቃ ታጅቦ በውኃ ውስጥ የሚቀርብ የዋና ትርኢት) የጥንድ ውድድር በስልኬ ስንመለከት፣ ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እግራቸው መሬት ይነካል?» ብላ ነው። አይነካም። በኅብር ዋና የገንዳውን ወለል ረግጦ መነሣት ቅጣት ያስከትላል፤ ዋናተኞቹ ከውኃው በላይ ቀጥ ብለው ፈገግ የሚሉት፣ ከታች እግሮቻቸው በየተራ ክብ እየሠሩ ያለ ዕረፍት ውኃውን ስለሚገፉ ነው። ሲዘቀዘቁ ደግሞ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ዘግተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በመዳፋቸው ብቻ ሚዛን እየጠበቁ እግራቸውን ወደ ላይ ያቆማሉ፤ ሙዚቃውንም በውኃ ውስጥ ከተተከለ ድምፅ ማጉያ ይሰማሉ።

ሮማሺና እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በቡድን ወርቅ ካገኘች በኋላ፣ በለንደን፣ በሪዮና በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በጥንድም በቡድንም አሸንፋ 7 የኦሊምፒክ ወርቅ ሰብስባለች። በተወዳደረችባቸው የኦሊምፒክ ፍጻሜዎች ሁሉ ከወርቅ በታች አላገኘችም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን በ2017 ልጅ ወልዳ፣ በ2019 በደቡብ ኮሪያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ተመልሳ ወርቅ ማግኘቷ ነው። አራስ የጠየቀ ሁሉ፣ ያን ትንፋሽና ያን የሆድ ጡንቻ እንደ አዲስ መገንባት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ መገመት ይችላል።

የእኅቴ ልጅ እኔም ልሠልጥን ብላኛለች። ሐይቃችን ሰፊ ቢሆንም ይህ ስፖርት ጥልቅና ጥርት ያለ ገንዳ፣ ከሁሉም በላይ የሚያውቅ አሠልጣኝ ይፈልጋልና፣ በከተማችን እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።