አዘዞ የቆመው ፊያትና ቁጥር 2857

ጎንደር ሄዶ ስለ አሮጌ አውቶቡስ የሚጽፍ ሰው ትንሽ ነካ ሳያደርገው አይቀርም። ፋሲል ግቢን ዞሬዋለሁ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጬ አይቻለሁ። ስለ እነሱ የጻፈው ሰው ግን ብዙ ነው። እኔን ጎንደር ላይ ያቆየኝ በአዘዞ መንገድ፣ አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ፣ ሥሩ ሣር የበቀለበት ፊያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፒያሳ ነው። ማኪያቶ እየጠጣን፣ አሜሪካ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስላየሁት አውቶቡስ ለጓደኛዬ አወራለታለሁ። ሚሺጋን ውስጥ ዲርቦርን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ፣ ጥቁሯ አሜሪካዊት ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ወንበሬን ለቅቄ «አልነሳም» ያለችበት አውቶቡስ ቆሟል። በገመድ ታጥሮ ከሩቅ የሚታይ አይደለም። ይገቡበታል፣ ይቀመጡበታል። ባራክ ኦባማም እ.ኤ.አ. በ2012 ገብቶ፣ ተቀምጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ የተነሳው ፎቶ አለ።

«የአጎቴን አላየህማ!» አለኝ ጓደኛዬ። ሂሳብ ከፍለን ታክሲ ያዝን።

አጎትየው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ጋራዡ የልጃቸው ነው። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት እየመጡ መካኒኮቹን ሲቆጡ ይውላሉ። ወሬያችንን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ና ልጄ፣ በዚህ በኩል። ዘይት አለ፣ እንዳትረግጥ።»

የፊያት 682 ሻንሲ ነው፤ ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሉት የጭነት መኪና ዘር። ፊያት ይህን ሞዴል ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የሰው መጫኛውን ግን ፋብሪካ አልሠራውም። እዚሁ አገራችን ውስጥ በላሜራ፣ በብየዳና በመዶሻ የቆመ ነው። ሚስማሩ ሳይቀር የትኛው እጅ እንደመታው ያስታውቃል፤ በግራ በኩል ያለው ቀጥ ያለ፣ በቀኝ በኩል ያለው ጠማማ። ሁለት ሰው ነው የሠራው ማለት ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ጣውላ ላይ በቀይ ቀለም «ከሹፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። «ክልክል» የምትለዋ ተልጣ ልትጠፋ ነው። አሁን ማውራት የተፈቀደ ይመስላል።

መሪው በቀኝ ነው። የጣሊያን ከባድ መኪናዎች ለረጅም ዘመን እንዲያ ነበሩ፤ ተራራ ላይ ሹፌሩ የመንገዱን ጠርዝ ከጎማው አጠገብ እንዲያይ። እኛ አገር እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ይነዳ ስለነበር ነገሩ የጠቀመው ከዚያ ወዲህ ነው። አጎትየው ወንበሩ ላይ ወጥተው ክርናቸውን በመስኮቱ አወጡ።

«ሊማሊሞን ስትወርድ ገደሉ እዚች ናት» አሉ፣ ክርናቸውን እያሳዩኝ። «ስትወጣ ደግሞ ረዳቱ ታኮ ይዞ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄድ። መኪናው ሲደክም ዘሎ ጎማው ሥር ይጥላል። ታኮ የረሳ ረዳት ከእኔ ጋር ሁለተኛ አይወጣም።»

ሻይ መጣ። «በል የአሜሪካኑን ንገረኝ» አሉኝ።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው የከተማ አውቶቡስ ነው። የጎን ቁጥሩ 2857። አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ማምሻውን፣ በእኛ ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ሮዛ ፓርክስ ከሥራ ወጥታ ተሳፈረች።

«ኅዳር ጽዮን!» አሉ ወዲያው። እኔ አስቤውም አላውቅ።

ልብስ ሰፊ ናት፣ ዕድሜዋ 42። የነጮቹ ወንበር ሲሞላ አንድ ነጭ ቆሞ ቀረ። በዚያ ዘመን ደንብ ጥቁርና ነጭ በአንድ ረድፍ አይቀመጥምና ሹፌሩ አራት ጥቁሮችን ተነሱ አለ። ሦስቱ ተነሱ። እሷ አልተነሳችም፤ ታሰረች። የከተማው ጥቁሮች አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። 381 ቀን በእግርና በሰው መኪና ተመላለሱ። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን መለያየት ሕገ ወጥ ነው አለ።

አጎትየው የያዛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። «አንድ ሰው ለማስቀመጥ አራት ማስነሳት! ምን ያለ ሂሳብ ነው ይሄ?» ቀጥለው «ሹፌሩስ? ምን ሆነ?» አሉ።

ስለ ሹፌሩ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ጄምስ ብሌክ ይባላል። ከሮዛ ጋር የተጋጨው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1943 በፊት በር ገባሽ ብሎ ከአውቶቡሱ አስወርዷታል። ከዚያ በኋላ እሱ የሚነዳው ላይ አትወጣም ነበር፤ በ1955ቱ ምሽት ማን እንደሚነዳ ሳታይ ነው የገባችው። እሱ እስከ 1974 ድረስ በሹፌርነቱ ቀጠለ። በ2002 ሞተ።

«ደንብ ነው ያዘዘኝ ብሎ ይሆናላ።»

«አዎ ጋሼ፣ እንዲያ ነው ያለው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሻያቸውን ጨለጡ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን አውቶቡሱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሥራ ወጣ። አንድ የአካባቢው ሰው ገዛው፤ ሜዳ ላይ አቁሞ ጣውላና የሥራ ዕቃ ያስቀምጥበት ጀመር። መስኮቱ ተሰባበረ፣ ሞተሩ ወጣ፣ ዝገት በላው። ሲገዛው የሮዛ ፓርክስ መሆኑ ተነግሮታል። ወሬ ነው እንግዲህ፣ ወረቀት የለውም። ሰውዬው ሲሞት ቤተሰቡ ሊሸጠው ቢል ማን ይመን? 2857 ይሁን ሌላ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አውቶቡስ ነው።

ያዳነው አንድ ደብተር ነው። በ1955 የአውቶቡስ ጣቢያው ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ካሚንግስ ስለ ጉዳዩ የወጡትን የጋዜጣ ጽሑፎች እየቆረጠ ይለጥፍ ነበር። ከአንዱ ጎን በእጁ የሹፌሩን ስምና የአውቶቡሱን ቁጥር ጽፏል፤ ብሌክ፣ 2857። ይኸው ነው። ባለሙያ መረመረው፣ ትክክል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጨረታ ሲቀርብ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየምም ተጫርቷል። ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም በ492,000 ዶላር ወሰደው። ለጥገናው ብቻ ከ300,000 ዶላር በላይ ወጣ፤ 205,000ው የመንግሥት ድጋፍ ነበር። በ2003 ለሕዝብ ተከፈተ።

የጋራዡ ባለቤት ስልኩን አውጥቶ ወደ ብር መታው። ከዚያ አሳየን፤ ማንም አልተናገረም። እሱን ቁራሌዎች በኪሎ እየጠየቁት ነው። የአገር ሙሉ አሮጌ መኪና መጨረሻው እዚያ ነው፤ ተቆራርጦ፣ ቀልጦ ለፎቅ ፌሮ ይሆናል። ጎንደር ድንጋይ መጠበቅ ታውቃለች። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎችም ፒያሳ ላይ እስካሁን ይሠሩባቸዋል። በሊማሊሞ መንገድ ሰውና እህል ሲያመላልስ የኖረውን መኪና ግን ቅርስ ብሎ የሚጠራው የለም። እኔ ቅር ይለኛል።

ልጁ ሌላ ሐሳብ አለው። ቀለም ቀብቶ፣ ወንበሩን አውጥቶ ካፌ ሊያደርገው ነው። ሙሽሮችም ፎቶ ይነሱበታል ይላል። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ከቁራሌው ይሻላል። ቀለሙን ግን ተቃወምኩ። 2857 የተጠገነው አዲስ እንዲመስል ሳይሆን በዚያች ምሽት የነበረውን እንዲመስል ነው። ያችን በቀይ የተጻፈች ጣውላ ከቀባሃት ማንም መልሶ አይጽፍልህም አልኩት። ሳቀ እንጂ እሺ አላለኝም።

«ሊብሬው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አጎትየው ቤት ልጅ ላኩ። በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የረገበ ሊብሬ መጣ። የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ባለቤቶች ስም፣ ሁሉም አለበት። አንዱ መካኒክ ናፍጣ የነካ ጨርቅና የሽቦ ብሩሽ ይዞ ሥሩ ገባ። ዝገቱን እየፋቀ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ጠራልን። እኔ ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። የሻንሲው ልክ ነው። ጓደኛዬ ገጹን በስልኩ አነሳ።

«የየት መስመር እንደሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ እሱንም ጻፉት» አልኩ። አጎትየው ቁጭ ብለው መናገር ጀመሩ፤ ጎንደር፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ዛሪማ። በየመሀሉ የረዳቶቻቸውን ስም ይጠራሉ። ጓደኛዬ ይጽፋል። መካኒኩ ወደ ሞተሩ ሲዞር ግን እጃቸውን አነሱ።

«እሱን አትልፋበት። ሞተሩ የራሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ከሌላ ያስቀየርኩት። ጻፈው ይህንንም። ኋላ ሰው ሲመጣ ዋሹ እንዳይለን።»